ደም ከመፍሰሱ በፊት ማን ይደርሳል?

እኛ ሰሜን ሸዋ ላይ ደም ማድረቅ እናውቅበታለን። ሰው ከተገደለ በኋላ ማን ሽማግሌ ሆኖ እንደሚላክ፣ የገዳይ ወገን እንዴት ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ እንደሚወድቅ፣ ካሳው እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ካህኑ መስቀሉን ይዞ መቼ መሀል እንደሚገባ፣ ሁሉም ሥርዓት አለው። በይፋትና በኤፍራታ በኩል ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሰማቸው አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ትልቅ ሀብት ነው። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ይሄ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው አንድ ሰው አፈር ከገባ በኋላ ነው። ትናንት ማታ አረቄ ቤት ቁጭ ብሎ «እሱን ሳልደፋ ብቀር የአባቴ ልጅ አይደለሁም» ብሎ የማለው ልጅ ዘንድ ዛሬ ጠዋት የሚላክ ሰው የለም።

የማወራው ስለዚያ ልጅ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ እሱን የመሰሉ ልጆችን ቀድሞ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ፖሊስ አይደለም፣ እስር ቤት አይደለም፣ ስብከትም አይደለም። የሰፈሩ ሰዎች ደሞዝ እየተከፈላቸው ሊገድል ወይም ሊገደል የተቃረበውን ሰው ለይተው ያገኙታል፣ ያቀዘቅዙታል፣ ከዚያም ለወራት አይለቁትም። ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መገንዘብ ያለብን ነገር፣ ሰው የሚገድሉት በጣም ጥቂቶች መሆናቸውን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦስተን ከተማ ውስጥ ወጣት ወጣትን እየገደለ መከራ ሆኖ ነበር። ተመራማሪዎች፣ ፖሊሶችና የሰፈር ሠራተኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እያንዳንዱን ግድያ አንድ በአንድ አዩት። የጎረምሳ ቡድን አባላቱ 1,300 አካባቢ ነበሩ። ከከተማዋ ወጣት አንድ በመቶ አይሞሉም። ከወጣቶቹ ግድያ ግን ቢያንስ 60 በመቶው እነሱ ያሉበት ነበር። ቺካጎ ላይ በ2015 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ነው ያሳየው። በጥይት ቆስለው ከተረፉት ሰዎች 70 በመቶዎቹ፣ አብረው ወንጀል ሲሠሩ በተያዙ ሰዎች የትውውቅ መረብ ውስጥ ነበሩ። ያ መረብ ደግሞ ከከተማው ሕዝብ 6 በመቶ አይሞላም።

ስለዚህ «ወጣቱ ተበላሽቷል» የሚለው ወሬ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ወጣቱ አልተበላሸም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ነገ ደም ሊያፈሱ ወይም ደማቸው ሊፈስ የሚችሉት በጣት ይቆጠራሉ፣ ሰፈሩም በስም ያውቃቸዋል። መንዝ ውስጥ አንዷን ጠላ ሻጭ ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች። ወንድሙ የተገደለበትና ገዳዩ ገና ያልታረቀ አለ። ባለፈው ዓመት ቆስሎ የዳነ አለ (የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም)። ከእስር የተፈታና ደመኛው እዚያው ቀበሌ የሚኖር አለ። የድንበር ክርክሩ ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት የተንጠለጠለበትና እቤቱ ጠብመንጃ የሰቀለ አለ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? አዳራሽ ሞልተን የግንዛቤ ማስጨበጫ እንሰጣለን። አበል አለ፣ ሃይላንድ ውኃ አለ። የሚመጡት እነማን ናቸው? ድሮም ማንንም የማይነኩት። ያ ልጅ ስለ ስብሰባው አልሰማም፣ ቢሰማም አይመጣም።

ዶክተር ጋሪ ስለትኪን ይሄን ነገር ከበሽታ ጋር ያያያዘ ሰው ነው። ሶማሊያ ውስጥ በስደተኛ መጠለያዎች የሳንባ ነቀርሳና ኮሌራን ሲዋጋ፣ ቆይቶም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ኤድስ ላይ ሲሠራ ከረመና በ1995 አካባቢ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ሲመለስ ቺካጎ ውስጥ ሕፃናት በጥይት ይገደላሉ። የግድያዎቹን ካርታና የጊዜ ሰሌዳ ሲያይ ወረርሽኝ ይመስላሉ፤ አንዱ ግድያ ሌላውን ይወልዳል፣ ቦታ ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ጎረቤት ይይዛል። ወረርሽኝ ደግሞ የሚቆመው ሁሉንም ሰው በመስበክ ሳይሆን የያዘውን ሰው ቀድሞ በማግኘት ነው። በ2000 ይሄንኑ ሥራ ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በሚባል የቺካጎ ሰፈር ጀመሩት፣ ትንሽ ቆይቶም «ጥቃት አቋራጮች» የሚባሉ ሠራተኞች መጡ።

እነዚህ አቋራጮች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ራሳቸው ታስረው የወጡ፣ ራሳቸው የተኮሱ ወይም የተተኮሰባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፣ «ነፍሰ ገዳይ ደሞዝ ይከፈለው?» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። ግን አረቄ ቤት የተቀመጠው ልጅ ማንን ይሰማል? ነጭ ጋቢ የለበሱት አባት ሲመጡ ብድግ ይላል፣ «እሺ አባባ» ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ እሳቸው ሲሄዱ ወደ ሐሳቡ ይመለሳል። አክብሯቸዋል እንጂ አልሰማቸውም። እንበል አንድ የጅሩ ልጅ ድንበሩን ገፍተውበት ደሙ ፈልቷል። ወደሱ የሚመጣው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሮ የወጣ የአገሩ ሰው ነው።

«ዛሬ ማታ የት ልትሄድ ነው?»
«የትም አልሄድም ጋሼ።»
«የትም የማይሄድ ሰው በዚህ ሰዓት መሣሪያ አይወለውልም።»
«ምን ላድርግ ታዲያ? ቆሜ ልይ?»
«እኔ ቆሜ አላይም ብዬ ነበር። መሬቱን አሁን ማን እንደሚያርሰው ታውቃለህ? የሟች ወንድም። እናቴን የቀበሯት ጎረቤቶች ናቸው፣ እኔ እስር ቤት ነበርኩ። አንተ ዛሬ አትሂድ፣ ነገ አብረን ወረዳ እንሄዳለን።»

አያችሁ፣ «ይቅር በለው» አላለውም። «ጀግና አይደለህም»ም አላለውም። የጠየቀው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሥራው በአብዛኛው ጊዜ መግዛት ነው፤ ልጁ ስካሩ እስኪበርድ፣ እነዚያ የሚያጋግሉት ጓደኞቹ እስኪበተኑ፣ ሌላኛውም ወገን ዘንድ ሌላ ሰው እስኪደርስ። እኛም ይሄን በከፊል እናውቀዋለን እኮ። የተናደደ ልጅ አዲስ አበባ አክስቱ ጋር ይላካል፣ ወይ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወይ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ይወሰዳል። ሱባኤው አልቆ ሲመለስ ግን ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ የሚከታተለውም ሰው የለም።

ሦስት ቦታዎች ላይ ይህ ሥራ በተለይ ይጠነክራል፤ ቀብር፣ ሆስፒታልና ከእስር የመውጫ ቀን። የመጨረሻው ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም፤ ሰው ሲፈታ በሩ ላይ የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው። ከቀብሩ እንጀምር።

ቦስተን ላይ በግንቦት 1992 የአንድ የተገደለ ወጣት ፍትሐት እየተደረገ ሳለ፣ የቡድን አባላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተው ለቅሶ ላይ የነበረ ልጅን ደበደቡ፣ በስለት ወጉ። ምእመኑ እያየ። የከተማዋ ጥቁር ቄሶች ከዚያ ቀን በኋላ ተሰባስበው ማታ ማታ መንገድ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ማኅበራቸውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከላይ ያልኩት የቦስተን ሥራ አንዱ እግር ሆነ። ሥራው ልጆቹን ፊት ለፊት ጠርቶ ሁለት ነገር መንገር ነበር፤ «እንድትሞቱ አንፈልግም፣ ሥራም ትምህርትም እናግዛችኋለን» እና «ከእናንተ መሀል ቀጥሎ የሚገድል ካለ ሕጉ መላ ቡድኑ ላይ ያተኩራል»። ይሄ ከተጀመረበት ከ1996 በኋላ በወር የሚገደለው ወጣት ቁጥር በ63 በመቶ ዝቅ አለ። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ የሚሉ ተከራካሪዎች አልጠፉም።

ወደኛ ለቅሶ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ጋ ቀብር ላይ ማንም በስለት አይገባም። እኛ ጋ የሚገባው ቃል ነው። አስለቃሿ ሟቹን ታወድሳለች፣ ቀጥላም ወንድሙን ትጠይቃለች። ወንድ የለም ወይ፣ ጥይቱ ዛገ ወይ፣ ሱሪ የታጠቀ የት ሄደ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድም መላ አገሩ ፊት ቆሞ ይሄን ይሰማል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የመግደል ሐሳብ ባይኖረው እንኳን ከዚያ በኋላ ሰው አይኑን ሲያየው ምን ያስባል? እነዚያ ፕሮግራሞች «የሰፈሩን ደንብ መቀየር» የሚሉት ይሄን ነው። በፖስተር አይቀየርም። የነፍስ አባትየውና የእድሩ ዳኛ ከቀብሩ በፊት ማታ የሟች እናት ዘንድ ሄደው «እማማ፣ አንዱን አጥተናል፣ ሁለተኛውን አናስጨርሰው» ካሏት፣ እሷም አስለቃሿን «ስለ ልጄ እንጂ ስለ ደሙ አታልቅሺ» ካለቻት፣ ታናሽየው ቀብሩን ሳይዋረድ ይወጣል። በእኔ እምነት ሰሜን ሸዋ ላይ ይሄ አንድ ማታ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። የምትደፍር እናት ግን ትፈልጋላችሁ። የሚደፍር ቄስም።

ሆስፒታል ላይ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ባልቲሞር ውስጥ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ዶክተር ካርኔል ኩፐር፣ ሰፍቶ ያዳናቸው ልጆች እንደገና ቆስለው ሲመጡበት ተማረረና በ1998 ቁስለኛውን አልጋው ላይ እያለ የሚያናግርና ከወጣም በኋላ የሚከተል ፕሮግራም ጀመረ። ኦክላንድ ላይ ከዚያ ቀድሞ በ1994 ተጀምሯል። ለምን አልጋ ላይ? ቁስለኛው ፈርቷል፣ ብቻውን ነው፣ ስለ ሕይወቱ እያሰበ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ ጓደኞቹ ከሆስፒታሉ በር ውጪ ቆመው «ማነው የነካህ?» እያሉ ነው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስታሞ የሚያውቅ ሰው ይሄን የበር ላይ ስብስብ ያውቀዋል። ግማሹ ደም ሊሰጥ መጥቷል፣ ግማሹ ደም ሊመልስ። ውስጥ ያለውን ልጅ «እኔን ብላችሁ አትሂዱ» እንዲል የሚያደርግ አንድ ሰው ካለ፣ በር ላይ ያሉት ሰበብ ያጣሉ።

እሺ፣ ሌሊቱ አለፈ፣ ልጁ አልሄደም። ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ በጎ ሥራ የሚበላሸው። ያው ልጅ፣ ያው ድህነት፣ ያው ንዴት፣ ያው ጓደኛ። ለዚህ ከአሜሪካ ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ ላይቤሪያ ነው።

ሞንሮቪያ ውስጥ ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ 999 አደገኛ የሚባሉ ጎልማሶችን ሰበሰቡ፤ ሌባ፣ ሐሺሽ ሻጭ፣ የቀድሞ ተዋጊ። በዕጣ አራት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ክፍል ለስምንት ሳምንት በቡድን ሥልጠና ወሰደ፣ አንዱ 200 ዶላር ተሰጠው፣ አንዱ ሁለቱንም አገኘ፣ አንዱ ምንም አላገኘም። ሥልጠናው ስብከት አይደለም። ሲናደዱ ከመምታት በፊት መቆም፣ እየተሰደቡ ዞር ብሎ መሄድ፣ ፀጉር ተቆርጦ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ባንክ ቤት ገብቶ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ፣ ይሄንን ደጋግመው ይለማመዳሉ። አሠልጣኞቹ ራሳቸው ከዚያው ሕይወት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ብሩን ይጠጡበታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ለሚበሉት፣ ለልብስና ለንግድ ነው ያዋሉት። ከዐሥር ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲጠየቁ፣ ሥልጠናውንም ብሩንም ያገኙት ሰዎች ዘንድ ስርቆትና ሐሺሽ መሸጥን የመሰለው ነገር ምንም ካላገኙት በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ለውጡም ከሁሉ የባሰ አደገኛ በነበሩት ላይ ነው የጎላው። ብር ብቻውን አልዘለቀም። ሥልጠናም ብቻውን እንደ ሁለቱ አብረው አልጸናም። ወጪው በሰው 530 ዶላር ገደማ ነበር።

ለምን ሁለቱ አብረው? እኔ እንደሚገባኝ፣ ልጁ «ሰው ሆኛለሁ» ብሎ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በወጣበት ሳምንት ኪሱ ባዶ ከሆነ ማንም አያምነውም፣ እሱም ራሱን አያምንም። ብሩ አዲሱን ሰውነቱን የሚለማመድበት ጥቂት ወር ይሰጠዋል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪችመንድ የምትባል ከተማም ከ2010 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች። ፖሊስ ያላሰራቸው ግን ሰው ሁሉ «እነሱ ናቸው» የሚላቸውን ልጆች መርጣ 18 ወር ትከታተላለች፤ ለራሳቸው ያወጡትን ዕቅድ እየፈጸሙ ከሄዱ በወር እስከ 1,000 ዶላር ይከፈላቸዋል። እኔን የገረመኝ ጉዞው ነው። ከከተማ ውጪ ይወስዷቸዋል፣ ግን ሊሄድ የሚችለው ከደመኛው ቡድን ሰው ጋር አብሮ ለመጓዝ የተስማማ ልጅ ብቻ ነው። አስቡት፣ የተኮሰባችሁ ልጅ አጠገባችሁ ወንበር ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ሁልጊዜ አይሳካም። ፒትስበርግ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ፕሮግራም ሲገመገም ግድያን አልቀነሰም፣ ጭራሽ ከባድ ድብደባና የመሣሪያ ጥቃት ጨምሮ የታየባቸው ሰፈሮች አሉ። ቺካጎ ላይ ከ2017 ጀምሮ ሥራና ሥልጠና አንድ ላይ እየሰጠ 2,456 ወንዶችን በዕጣ የፈተሸ ጥናት ደግሞ ውጤቱ ድብልቅልቅ ነው። ከባድ ጥቃቶች በጅምላ ሲደመሩ አስተማማኝ ለውጥ አልታየም፤ በተኩስና በግድያ መያዝ ለብቻው ሲታይ ግን በ65 በመቶ ዝቅ ብሏል። ለሠራተኞቹም አደጋ አለው። ባልቲሞር ውስጥ ከጥር 2021 እስከ ጥር 2022 ባለው ጊዜ ብቻ ሦስት አቋራጮች በጥይት ተገድለዋል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ፣ ሳልናገረው ባልፍ ያስወቅሰኛል። ይሄ ሥራ ለጦርነት አልተሠራም። በ2021 አጣዬ ስትቃጠል የሆነው፣ ከ2023 ወዲህ በክልሉ ያለው ውጊያ፣ ያንን አንድ ጋሼ አረቄ ቤት ገብቶ አያቆመውም። የመንግሥትና የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ግን ውጊያ ባለበት አገር የግል ቂም በውጊያው ተሸፍኖ ይፈጸማል፤ የድንበር ጠብ ድንገት የፖለቲካ ስም ይወጣለታል። ያንን ቀድሞ የሚያውቅና የሚለይ የሰፈር ሰው ካለ፣ ቢያንስ ያ ክፍል ይቀንሳል። ሚስቱን ለሚደበድብ ባልም ይሄ መፍትሔ አይደለም፤ እዚያ ላይ «ቆይ፣ አብርደው» ማለት ሴትየዋን ማስገደል ነው።

ሕጉንም እንዳንዘነጋ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ላይ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ክርክር፣ ያውም ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ሰው ከሞተ እርቅ ወረደ ተብሎ የግድያ ክስ አይዘጋም። ስለዚህ የአቋራጩ ሥራ ወንጀል መሸፈን አይደለም፤ ገና ያልተፈጸመውን እንዳይፈጸም ማድረግ ነው። ሆኖም ፖሊስ ዘንድ ወሬ የሚያመላልስ ሰው ሆኖ ከታየ አለቀለት። አሜሪካኖቹም በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው፤ ፖሊስ ጠቃሚ ነገር ሊነግራቸው ይችላል፣ እነሱ ግን ለፖሊስ መረጃ አይሰጡም።

የሚከፍለው ማነው የሚለው ጥያቄ እነሱንም አስቸግሯል። በ2022 የወጣ ሕግ ለዚህ ሥራ ለአምስት ዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር መደበ፣ በ2025 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ብዙዎቹን ድጎማዎች ሰረዘ። ሠራተኛው ሲበተን በሁለት ዓመት የገነባው እምነትም አብሮ ይበተናል። እኛ ጋ እንደ እኔ ከሆነ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ታስሮ የወጣ፣ አንዷ ለቅሶ ቤት የምትሰማ ሴት። ደሞዛቸውን እድሮች ተሰብስበው ቢችሉት ይሻላል፣ ለድንኳንና ለንፍሮ የሚያዋጣ እድር ለዚህም ማዋጣት አያቅተውም። ወረዳው ልክፈል ካለም ይክፈል። «በየወሩ የስም ዝርዝር አምጡ» ያለ ቀን ግን እነዚያ ሁለት ሰዎች አረቄ ቤት ሲገቡ ወሬው ይቆማል።